ማንጠግቦሽ እና የድንበሩ ብረት

ደባርቅ ውስጥ የጀግና ዘር ያልሆነ ሰው አታገኙም። ባጃጅ ስለምነዳ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። መናኸሪያ ውሰደኝ ያለኝም፣ ሆስፒታል አድርሰኝ ያለኝም፣ ከኋላዬ ተቀምጦ ትንሽ እንደሄድን አያቱ ወልቀፊት ላይ ጣልያን መግደሉን ይነግረኛል። ይህን ሁሉ ገዳይ ስሰማ ጣልያን እንዴት አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር እንደቆየ ይገርመኛል። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። የእኔ አያት በዚያን ጊዜ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም፤ በጎቻቸውን ይዘው ዋሻ ገብተው ከሆነም አልፈርድባቸውም።

እንዲህ የምለው ጀግንነትን ንቄ አይደለም። ጀግና በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁት ግን የከተማው ሰው ሁሉ ስለ አያቶቹ ሲፎክር በዋለበት ቀን፣ ከመድረኩ ርቆ፣ እርሻ መሀል ነው። ሴት ናት። ስሟ ማንጠግቦሽ ይባላል።

ማንጠግቦሽ የቀጋ በር ሰው ናት። ቀጋ በር ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ሲወጣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ባጃጄ ጥርጊያው እስኪያልቅ ትሄዳለች፣ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ባሏ ደርቤ ሲሞት ልጃቸው ሊያ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። የአገሩ ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፦ ሴት አታርስም። ትዘራለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፣ እሱ አርሶ ምርቱን ይካፈላታል፣ እሷም አመስግና ትኖራለች።

ማንጠግቦሽ አላመሰገነችም። የደርቤ አርባ በወጣ ማግስት የባሏን ጃኬት ደረበች፣ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጋ በመቀነቷ ጠበቅ አደረገች፣ ሞፈሩን ተሸክማ በሬዋን ነድታ ወጣች። ያን ቀን ያያት ሁሉ አማተበ አሉ። የመጀመሪያው ትልሟ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነበር፤ እሷ ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችኝ። በሁለተኛው ዓመት ግን ቀጥ ብሎ ነበር።

ከሁሉም በላይ የተናደደው ጎረቤቷ አለምነህ ነው። አለምነህ ወታደር ነበር፤ ሰሜን ድንበር ላይ ተዋግቶ፣ አንድ ጆሮው በከፊል ደንቁሮ የተመለሰ፣ ቁጡ ግን ታታሪ ገበሬ። እሱና ደርቤ መቀናጆ ነበሩ። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ ሲያርሱ ነው መቀናጆ የሚባለው። አለምነህ ደርቤ ሲሞት መሬቱን በእኩል የማርሰው እኔ ነኝ ብሎ ነበር የጠበቀው። ማንጠግቦሽ እርፉን ስትጨብጥ ቅዳሴ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሞፈርን ከመቀነት ጋር ምን አገናኘው!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገራትም።

አስቂኙ ነገር ይህ ነው፦ ሰዎቹ ተኳረፉ፣ በሬዎቹ ግን መኳረፍ አልቻሉም። እሷ ሌላ ተቀናጅ አላገኘችም፤ ለሴት በሬ የሚያጣምር የለም። እሱም አላገኘም፤ ጠበኛ ነው እያሉ ሸሹት። ስለዚህ የእሷ ዳለቻና የእሱ ቡሬ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ቀንበር አረሱ። ጉዳይ ሲኖር በበሬዎቹ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። አለምነህ በሬውን አምጥቶ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ፣ «ቡሬ፣ ሐሙስ ገበያ ስለምሄድ ቀድመው ይፍቱህ በላቸው» ይላል። እሷም ዳለቻን እያከከች፣ «ዳለቻ፣ የቀንበሩ ምራን ሊበጠስ ነው፣ ባለቤቱ ይቀይረው በል» ትላለች። የመንደሩ ሰው ይህን እያየ በሳቅ ይፈርሳል።

ነገሩ ወደ ድንበሩ ሲመጣ ግን ሳቁ አለቀ።

ጣልያን ወልቀፊት ላይ መሽጎ አርበኛው ዙሪያውን በያዘበት ዘመን ቀጋ በር ሜዳ ላይ ውጊያ ነበር ይላሉ፤ ከአውሮፕላን ብረት ዘንቦበታል። ውጊያው ሲያልፍ የደርቤ አያትና የአለምነህ አያት መሬታቸውን ለመከፋፈል ሲወጡ ሳይፈነዳ የቀረ አንድ ብረት አገኙ፤ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ ጭራው ላይ ክንፍ የመሰለ ቆርቆሮ የተበየደበት። እንግዲህ ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይህን አይቶ ይሸሻል። እነሱ ግን የድንበር ድንጋይ ሌሊት እንደሚራመድ የሚያውቁ ገበሬዎች ነበሩ። «ድንጋይ ይገፋል፤ ይህን ግን የሚደፍረው የለም፣ መድኃኔዓለም ያከሸፈው ነው» ተባባሉና ሁለቱ ተሸክመው ድንበሩ ላይ ተከሉት። በእሱ ተማማሉ። ልጆች ጋለቡት፣ ላሞች ጎናቸውን አከኩበት፣ እረኞች ዱላቸውን ሳሉበት። ሁሉም «ብረቱ» ይለው ነበር፣ ሌላ ስም አልነበረውም። ከዓመት ዓመት ጎርፍ ከላይ ያመጣው አፈር ሸፈነውና ከዓይን ጠፋ።

ደርቤ ከሞተ በኋላ አለምነህ በየዓመቱ አንድ ትልም፣ አንዳንዴም ሁለት ትልም ይጨምር ጀመር። ማንጠግቦሽ፣ «ብረቱ ያንተ ገብስ ውስጥ ነው ያለው፣ አልፈኸዋል» አለች፤ በዳለቻ በኩል ማለት ነው። እሱ አላለፍኩም አለ። ቀበሌ ተካሰሱ፣ ቀበሌው ለሽማግሌ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹ ቄስ ሻረውና አቶ ገዱ ነበሩ። ብዙ ከተመላለሱ በኋላ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ ገብሱ ከታጨደ በኋላ፣ መሬቱ ባዶ ሲሆን፣ ማንጠግቦሽ በእሷ ተራ አከራካሪዋን ቁራሽ መሬት በፊታቸው ታርሳለች። ብረቱ ከአለምነህ ትልም ውስጥ ከወጣ መሬቱ ለእሷ ይመለሳል። ካልወጣ ሁለተኛ ድንበር ብላ አፏን አትከፍትም።

ያቺ ቁራሽ የመሬቷ ሲሶ ናት። ያለ ቁራሿ የቀረው መሬት ዳባት የምትማረውን ሊያን አስተምሮ ማንጠግቦሽን አያኖርም። ከተሸነፈች መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ደባርቅ ወርዳ ሰው ቤት ትቀጠራለች፤ እኩል አራሹ ማን እንደሚሆን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ሰሞን ገበያ አድርሻት ስንመለስ፣ «ሹፌር፣ እኔ ምጣድ ስር ለመሞት አልፈራም፤ የሰው ምጣድ ስር ነው የምፈራው» አለችኝ።

ቀኑ የተቆረጠው በግንቦት ነው። እንዳጋጣሚ ከተማው የወልቀፊትን ውጊያ የሚዘክርበት ቀን ሆነ። የመንግሥት በዓል እንጂ የታቦት በዓል ስላልሆነ ለማረስ አይከለክልም። ከጠዋት ጀምሮ ፎካሪ ወደ በዓሉ ሜዳ ሳመላልስ ዋልኩ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ ወደ ቀጋ በር ወጣሁ። ቄስ ሻረው በዝምታ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አቶ ገዱ ግን ልብሳቸውን እንኳ አልቀየሩም ነበር፤ ጎፈሩን ደፍተው፣ ጋሻውን ይዘው፣ የማይተኩስ ምንሽር በባጃጄ መስኮት አውጥተው፣ «የዚያ የነብሩ የልጅ ልጅ!» እያሉ መንገዱን ሙሉ ጆሮዬን አደነቆሩት።

ስንደርስ ማንጠግቦሽ ጠምዳ እየጠበቀችን ነው። አለምነህ ከትልሞቹ ማዶ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሰማዩ በወልቀፊት በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበር። ቄስ ሻረው መስቀላቸውን አሳልመው፣ «በሉ፣ እግዚአብሔር እውነቱን ያውጣ» አሉና እርሻው ዳር ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጡ።

አረሰች። አንድ ጊዜ ሄደች፣ ምንም የለም። ተመለሰች፣ ምንም የለም። እርፉን በሙሉ ክብደቷ እየተጫነች ማረሻውን ወደ ታች ትልከዋለች፤ ጥቁሩ አፈር ይገለበጣል፤ ድንጋይ ሲነካ ልቤ ይዘላል፣ ድንጋይ ይሆናል። አለምነህ ፈገግ ማለት ጀመረ። ያን ፈገግታ አልወደድኩትም። መሬቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ከአንድ ያረጀ ኮሶ ዛፍ አጠገብ፣ ሞፈሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሬዎቹ ሳቡ፣ አልንቀሳቀስ አላቸው።

«ቁም ዳለቻ! ቁም!»

በእግሯ አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። የዛገ ክንፍ ብቅ አለ። ማንጠግቦሽ አንድ እጇን ከእርፉ ሳታነሳ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ እልል አለች። እንዲህ ያለ እልልታ በሠርግም አልሰማሁ። «ተገኘ! አባቴ፣ ተገኘ! አይታችሁልኛል?» ስትል ቄስ ሻረው ተነሡ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

አለምነህ ፊቱ ጠቁሮ እየተራመደ መጣ። ወደ ብረቱ ጎንበስ አለ። ከዚያ በጣም በዝግታ ቀና አለ፤ ንዴቱ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር። በሬዎቹን አላያቸውም። ቀጥታ እሷን አየና፣

«ማንጠግቦሽ፣ እርፉን እንዳትለቂ» አላት።

እሷ መጀመሪያ የደነገጠችው በቦምቡ አይደለም፤ ስሟን በመጥራቱ ነው። ይህንንም እሷ ናት የነገረችኝ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ከካቡ ጀርባ! ሁላችሁም ተኙ! ይህ ነገር አልከሸፈም፣ ይፈነዳል!» ብሎ ጮኸ። አቶ ገዱ ጋሻቸውን ጥለው ከካቡ ጀርባ ሲገቡ እግራቸው መሬት የነካ አልመሰለኝም። ሁለተኛ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ደባርቆችን ሳማ ራሴን አልደብቅም። ቄስ ሻረው ግን መስቀላቸውን አንሥተው እንደቆሙ ስለቀሩ ቀሚሳቸውን ጎትቼ አስቀመጥኳቸው።

ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ባለሙያ ከጎንደር ስለሚመጣ ነገ ነው፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው አሉኝ። «የነካችው እኮ ይዛው ቆማለች!» ብዬ ጮህኩ።

እዚያ የሆነውን በካቡ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ የተባባሉትን ኋላ ከሁለቱም ሰምቼ አሟልቼዋለሁ። ማረሻው ከብረቱ ጭራ ስር ገብቶ ወደ ላይ አንሥቶታል። አፍንጫው ላይ ያለው ማፈንጃ ከአፈሩ ወጥቶ ከአንድ ድንጋይ በላይ ተንጠልጥሏል። ማረሻው ከተነቃነቀ ብረቱ በአፍንጫው ድንጋዩ ላይ ይወድቃል። ማረሻውን ደግሞ አንድ ጫፍ ላይ የእሷ እጅ፣ ሌላው ጫፍ ላይ የበሬዎቹ አንገት ይዘውታል። በሬ ደግሞ በሬ ነው።

«እንዲህ ያለው አሮጌ ነገር ግንባር ላይ ጓደኛዬን ወስዶብኛል» አላት። «ማፈንጃው ተከፍቶ ነው የቆየው። እስካሁን የታገሠን እንዲያው ነው።»

«በሬህን ፈትተህ ሂድ» አለችው። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ መጥረግ አትችልም። «ልጆችህ ይጠብቁሃል።»

«በሬውን ብፈታ ሞፈሩ ይወድቃል። ሞፈሩ ቢወድቅ ማረሻው ይነሣል። ዝም ብለሽ ያዥ።»

ነጎድጓዱ ያን ጊዜ አጉረመረመ። ቡሬ ጆሮውን አቆመ፣ አንድ እግሩን አነሣ። ከካቡ ጀርባ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። አለምነህ ወደ በሬዎቹ ራስ ሄደና ግንባሩን ከቡሬ ግንባር አጣብቆ፣ «ቡሬዬ፣ ቁም የኔ ጌታ፣ ቁም» እያለ ማባበል ጀመረ። ያ ቁጡ ሰው ድምፁ እንዲህ መለስለስ እንደሚችል ማን ያውቅ ነበር! ቡሬ እግሩን መለሰ።

ከዚያ አለምነህ ቢላዋውን አወጣ። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር፣ ምራኑ ማለት ነው፣ እሱ ከተቆረጠ በሬዎቹ ቀንበሩን ይዘው መሄድ ይችላሉ፤ ሞፈሩ ግን በሰው ትከሻ ላይ መቅረት አለበት። ትከሻውን ከሞፈሩ ስር አስገባ፣ ቀስ ብሎ ቀና አለና ክብደቱን ተቀበለ። ምራኑን ቆረጠው።

«አሁን ጥሪያቸው። ዳለቻ ካንቺ በቀር አይሰማም።»

ማንጠግቦሽ ጅራፍ አላነሣችም። «ሂድ ዳለቻ። ሂድ፣ እማማ ትሙትልህ፣ ሂድ።» ዳለቻ ዞር ብሎ አያትና መራመድ ጀመረ፣ ቡሬን በቀንበሩ እየጎተተ። በሬዎቹ ወደ ካቡ ሲቀርቡ አቶ ገዱ «ኧረ ወደዚህ አታምጡብን!» ብለው ጮኹ። በሬም ሆኖ እንደሳቸው የሚፈራ አላየሁም።

በሬዎቹ ዳኑ። ሁለቱ ሰዎች ግን ተያይዘው ቀሩ፤ እሷ በእርፉ በኩል፣ እሱ በሞፈሩ በኩል፣ መሀላቸው ብረቱ። አለምነህ ሞፈሩን ይዞ ቀስ ብሎ ለመንበርከክ ሞከረ። ብረቱ ሲጥ አለ። ቆመ። ትንሽም ዝቅ ማድረግ አይችልም። ባላ እንጨት የለም፣ ገመድ የለም፤ ጋቢውን እንኳ ካቡ ላይ ጥሎታል፣ አጠገቤ ነበር። ይዤለት ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። «ሹፌር፣ ባለህበት!» ብሎ ጮኸብኝ። «መሬቱን የሚያነቃንቅ ሰው አልፈልግም!» እግሬም መልሶ ያስቀመጠኝ ደስ እያለው ነው።

ጠብታ መጣል ጀመረ። ዝናቡ ከወረደ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ማረሻው ይንሸራተታል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

«ማንጠግቦሽ» አላት፣ «ሊያ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?»

«ምነው? ልታሳድግልኝ ነው?» አለችው። እዚያ ላይ ቆማ እንኳ ምላሷ አልደከመም። ወዲያው ግን እንባዋ መጣ። «አለምነህ፣ ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ማንጠግቦሽ ከራሱ በላይ ያለውን የኮሶውን ወፍራም ቅርንጫፍ ያየችው። እርፉን በደረቷ ደግፋ፣ በአንድ እጇ አጥብቃ ይዛ፣ በሌላው መቀነቷን ትፈታ ጀመር። የእኛ አገር የሴት መቀነት ረጅም ነው፣ ወገብ ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል። ዙሩን አንድ በአንድ እየፈታች፣ ቀሚሷ እየወረደ፣ ጨርቁን በክንዷ ላይ ሰበሰበችው። ከዚያ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ቋጥራ ወረወረችለት። የመጀመሪያው መሬት ወደቀ። ጎትታ ሰበሰበችው። ሁለተኛውን አለምነህ በባዶ እጁ ቀለበው።

እሱም በአንድ እጁ ነው የሠራው። ጫፉን በቅርንጫፉ ላይ አሳልፎ ወረወረ፣ ሲመለስ በጥርሱ ያዘው፣ ከሞፈሩ ጋር ጠመጠመ፣ ሳበ፣ ደግሞ ጠመጠመ። ትከሻውን ቀስ አድርጎ ከሞፈሩ ስር አወጣ። መቀነቱ ተወጠረ። ሞፈሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። ብረቱ አልተነቃነቀም።

«አሁን ልቀቂ። ጣትሽን አንድ በአንድ። አትሩጪ።»

ለቀቀች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ። ቀሚሷ ስለረዘመባት በሁለት እጇ ይዛው ነበር። አለምነህ ግን አልተከተላትም፤ ቆሞ መሬቱን ያያል። ከብረቱ ወዲያ ያሉትን ትልሞች፣ ራሱ ያረሳቸውን፣ ወደ እሷ መሬት ገብተው የሄዱትን ነው የሚያየው። «ና እንጂ!» ስትለው ነው የተንቀሳቀሰው። ካቡ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም መሬት ላይ ተዘረጉ፤ ዝናቡም እንደ ጉድ ወረደ።

በማግስቱ ወታደሮች ከጎንደር መጡ። አንሥተን መውሰድ አንችልም፣ እዚያው ነው የምናፈነዳው አሉ። ዙሪያውን የአፈር ከረጢት ደርድረው አፈነዱት። ድምፁ ደባርቅ ድረስ ተሰማ። የማንጠግቦሽ ሞፈርና እርፍ ብትንትኑ ወጣ። መሬቱ ላይ ሰፊ ጉድጓድ ቀረ፤ ኮሶውም ግማሽ ጎኑን አጣ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ለፍርድ ተመለሱ። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ መንገዱን ሙሉ አቶ ገዱ ከቦምቡ ጋር እንዴት እንደተፋጠጡ ለቄሱ ሲተርኩ ሰማሁ። ቄሱም ዳዊታቸውን ገለጡ።

አቶ ገዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጉድጓዱ ሰፊ ነው። ብረቱ በትክክል የት ላይ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ለሰላም ሲባል ያቺን ቁራሽ እኩል ይካፈሉ።»

«እንዴ!» አለች ማንጠግቦሽ። «ጋሼ ገዱ፣ በፊታችሁ አይደለም እንዴ ያወጣሁት? አይታችኋል እኮ!»

«ከካብ ጀርባ ሆነን ምን አየን ልጄ? ክንፉን አየን፣ ስፍራውን አላየን።»

ፈርተው የተደበቁበትን ካብ መልሰው ለፍርድ ተጠቀሙበት! ደሜ ፈላ። ቄስ ሻረውም ማስታረቅ ስለሚወዱ፣ «እኩል ቢሆን ምን ይላችኋል?» ብለው አለምነህን ተመለከቱት። አለምነህ መሬት መሬት ያያል። ማንጠግቦሽ ወደ እሱ ዞረች። ከእኩሌታው ጋር የሊያም ትምህርት እንደሄደ ገብቷታል። እየለመነችው አልነበረም፤ ዝም ብላ ታየው ነበር። አቶ ገዱ፣ «እንግዲያው ተስማምተዋል» ብለው መስቀሉን እንዲያሳልሙ ወደ ቄሱ ዞሩ።

አለምነህ ተራመደ። ከካቡ ላይ ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ አነሣና ወደ ኮሶው ሄደ። በተገመሰው ዛፍ ላይ በቀረችው ጉማጅ የማንጠግቦሽ መቀነት ብጫቂ ሆኖ እንደተጠመጠመ ነበር። እሱ ስር ቆመ። ከትከሻው እስከ መሬቱ ለካ፣ ሞፈር በሚረዝመው ያህል ተራመደ፣ ወደ ጉድጓዱ ወረደና ድንጋዩን አስቀመጠ። ሲያስቀምጠው ድንጋዩ ራሱ ካረሳቸው ትልሞች መሀል በጣም ገባ ብሎ ነበር።

«ብረቱ እዚህ ነው የነበረው።»

«ምስክርህ ማነው?» አሉ አቶ ገዱ።

«እኔ ነኛ። ሞፈሯን ተሸክሜ የቆምኩት እኔ ነኝ። ድንበሯን ስገፋ የኖርኩትም እኔ ነኝ።» ወደ ቄሱ ዞረ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

ቄስ ሻረው መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። አቶ ገዱ በዚያ ቀን ሲመለሱ ባጃጄ ውስጥ አልፎከሩም።

በነጋታው ጠዋት ሊያን ከዳባት ይዤ መጣሁ፤ የፍንዳታውን ወሬ ሰምታ አላስተኛም ብሏት ነበር። ማንጠግቦሽ ካቡ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን በገመድ አስራ፣ ባዶ መሬቷን ታያለች። ዝናቡ ገብቷል፣ የእርሻው ጊዜ እያለፈ ነው፣ ሞፈር ግን የላትም። ተራው ደግሞ የአለምነህ ነው።

አለምነህ ቡሬን እየነዳ፣ የራሱን ሞፈር በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ወደ ራሱ መሬት አልሄደም። ዳለቻን ከበረቱ አውጥቶ ጠመደ፣ ምራኑን አሰረ፣ ማረሻውን ድንጋዩ አጠገብ አቆመ። ከዚያ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

«ቡሬ» አለ፣ «ዛሬ የምታርስብህ ገበሬዋ ናት። እንዳታስቸግራት።»

ማንጠግቦሽ ከካቡ ላይ ወረደች። «አለምነህ፣ ያኔ ብረቱ ላይ ቆመን ስሜን ጠርተኸኝ ነበር። አሁን ምነው ወደ በሬው ተመለስክ? የምትለውን ለእኔ በለኝ።»

ከገደሉ ዞረ። ያ ግንባር ያልፈራ ሰው እሷን ቀጥታ ለማየት ሲታገል አየሁት። እኔ ከጀግና ዘር አይደለሁም፤ አለቀስኩ።

«ገበሬ ነሽ አልኩ» አለና እርፉን ሰጣት።

ተቀበለችው፣ አፈሩን በእግሯ ፈተነችና፣ «ና ዳለቻ» አለች።